ሳይቀላቀል የሚዋጥ ክኒን

ተቆጠረ! የእትዬ ዘሐራ ተቆጠረ!

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲስተር ሰናይት ከአዲስ አበባ ስትደውል እኔ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች መጣችና እርጥቡን አንሶላ ከእጄ ተቀብላ ፊቷን ሸፈነችበት። ሰው የሞተ መስሎኝ ክው አልኩ። ከዚያ ከአንሶላው ሥር «ተቆጥሯል አለችኝ፣ ተቆጥሯል» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቀረውን ልብስ እዚያው ጥዬ ግቢውን እየጮህኩ ዞርኩት። የሸዋሮቢት ፀሐይ አናቴን ሲበሳኝ እንኳ አልታወቀኝም።

ነገሩን የማያውቅ ሰው «ምኑ ነው የተቆጠረው?» ማለቱ አይቀርም። እትዬ ዘሐራ ጎረቤታችን ነበሩ። በኩላሊት ካንሰር ታመው ባለፈው ክረምት አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ግን አንድ ጥናት ውስጥ ገብተው ነበር። ለሌላ ዓይነት ካንሰር የሚሰጥ ክኒን ለኩላሊት ካንሰርም ይጠቅም እንደሆነ የሚሞከርበት ጥናት ነው። እዚያ ውስጥ ሳሉ ከእኛ ቤት የወጣ አንድ ስሕተት የእሳቸውን ድካም ሁሉ ከንቱ እንዳያደርገው ስንፈራ ከረምን። አሁን ጥናቱ አለቀ። ክኒኑ ሁሉንም ሰው ባይረዳም የሚረዳቸው እንዳሉ ታውቆ ወደሚቀጥለው ደረጃ አልፏል። የእትዬ ዘሐራም ድርሻ አልተጣለም። ሰው ሞቶ ሳለ ደስ አለኝ ስል እንዳትታዘቡኝ፤ እሳቸውን ብታውቋቸው ኖሮ እናንተም አብራችሁኝ ግቢውን ትዞሩ ነበር።

እትዬ ዘሐራ ማሾ ነጋዴ ናቸው። (ነበሩ ማለት አሁንም አይቀናኝም።) ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ከመጋዘናቸው እስከ አስፋልቱ የሚደርስ። ማሾውን ከቀወት ገበሬዎች ይገዙና ለትልልቆቹ ነጋዴዎች ያስረክባሉ። በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሆን ብለን በመጋዘናቸው በኩል ነበር የምናልፈው፤ ሲከራከሩ ለመስማት። ገበሬው የጆንያውን አፍ ፈትቶ «እዩልኝ እትዬ፣ እንደ ጨሌ የሚያበራ!» ሲላቸው ወደ ላዩ ዞር ብለው አያዩም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ይቀብሩና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«የላዩማ ሁልጊዜ ያምራል፤ እስቲ መሃሉን።»

ከታች አንድ ጭብጥ ያወጡና እፍ ይሉበታል፤ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ቀርጠም ያደርጋሉ። የአምናው ከዘንድሮው ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ ወዲያው ያውቁታል።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ማሾ አያቱን ይዞ ነው እንዴ የመጣው?»

ሰውየው ራሱ ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ደግሞ ዋጋውን ይቀንሳል።

ሰው ላይም እንደዚያው ነበሩ። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ እኔንና ቤቱን በስፌት መኪናዋ ነው የምታስተዳድረው። ከፍቷት ሳለ «ደኅና ነኝ» ስትላቸው «የላዩን ነገርሽኝ» ብለው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እንዲህ ከተቀመጡ ሳትነግራቸው አይነሱም።

በሽታው ሲይዛቸው አንድ ኩላሊታቸው አዲስ አበባ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ዳኑ ስንል ሳንባቸው ላይ ብቅ አለ። ከልጃቸው ከሐያት ጋር ሄደው ስለ ጥናቱ ሰምተው የተመለሱ ዕለት በረንዳችን ላይ ተቀምጠው የተነጋገሩትን ሁሉ ለእማዬ አወሩላት። ያነጋገረቻቸው ሲስተር ሰናይት ነበረች፤ ጥናቱ ላይ የምትሠራ ነርስ ናት።

«‹ያድነኛል?› አልኳት። ‹አናውቅም፣ ለማወቅ ነው የምንሞክረው› አለችኝ። ‹ይጎዳኛል?› አልኳት። ‹ሊጎዳዎት ይችላል። በቃኝ ባሉ ጊዜም መተው ይችላሉ› አለችኝ። ወላሂ የሺዬ፣ ገበያ ላይ አርጅቼ ‹አላውቅም› የሚል ሻጭ ገጥሞኝ አያውቅም። ፈረምኩላት።»

ጥናቱ አንድ ሕግ ነበረው። ከክኒኑ ጋር ሌላ መድኃኒት፣ የፋርማሲም ይሁን የባህል፣ ሳይነግሩ መውሰድ አይቻልም። እትዬ ዘሐራ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«የአምናውንና የዘንድሮውን ማሾ ባንድ ድስት ቀቅለሽ ‹ቶሎ በሰለልኝ› ብትዪኝ የትኛውን ላመስግን?»

«እሱስ ልክ ነው» አለች እማዬ። ከአንገት በላይ ያለችው መሆኑ የታወቀን በኋላ ነው።

ሕጉ በቃል ቀላል ነው፤ በእኛ ሰፈር ግን የታመመ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ትመጣለች። አንዱ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በጠርሙስ፣ ሌላው ስሙን የማይነግሯችሁን ሥር በወረቀት ጠቅልሎ። ሰጥቶ መሄድም የለም። «እኔ እያየሁ ካልቀመሱልኝማ አልነሳም» ይባላል። እምቢ ማለት ሰውየውን መጥላት ነው፤ እሺ ማለት ደግሞ ከጥናቱ መውጣት። እትዬ ዘሐራ እምቢ ሲሉ ሰፈሩ ማማት ጀመረ። ኮሩ ተባለ፣ ለሐኪም መሞከሪያ ራሳቸውን ሰጡ ተባለ። በመጨረሻ የቆርቆሮ በራቸውን ከውስጥ ቀርቅረው ጠያቂውን በበሩ ቀዳዳ ማነጋገር ያዙ።

ጋሽ እንድሪስ የመጡ ዕለት እኔ ውስጥ ነበርኩ። ጋሽ እንድሪስ የጀውሃ ሰው ናቸው፤ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ።

«ዘሐራ! ክፈቺ እንጂ፣ እኔ ነኝ!»

«አንተ መሆንህንማ አይቻለሁ። ኮትህ ሥር ያለው ማነው?»

«ኮቴ ሥር? ምንም የለም።»

«ታዲያ ምን ያሳብጥሃል? አንተም ታመምክ?»

«ኧረ ሽፈራው ናት! ቅጠል እኮ ናት፣ ፍየል የሚበላት!»

«እንግዲያው ለፍየሏ አድርስላት።»

«ሰው ለሰው ቢያዝን ምን አለበት? እነዚያ ሐኪሞች እንደ አይጥ ሲሞክሩብሽ ዝም ልበል?»

«አይጥን ማንም አያስፈቅዳትም፣ እንድሪስ። እኔን አስፈቅደውኛል። በል ጠርሙስህን ድንጋዩ ላይ አኑረህ ግባ። ዱዓህን ነው የምፈልገው።»

ገቡ። እያጉረመረሙ ገብተው እያለቀሱ ዱዓ አደረጉ። ሲወጡ ደግሞ ጠርሙሳቸውን አልረሱም።

እሳቸው ሲሄዱ እትዬ ዘሐራ ወደ እኔ ዞሩ። «ብሌን፣ እስክርቢቶሽ ይሠራል አይደል? በሩ ላይ የሚለጠፍ ጻፊልኝ። ጉሮሮዬ ደከመ።» ካርቶን ላይ «ውድ ጠያቂዎቻችን ሆይ፣ ስለ መልካም ልባችሁ ከልብ እያመሰገንን…» ብዬ ሞላሁት። አስነበቡኝና ሳቁብኝ። «ይኼን አንብቦ እስኪጨርስማ ሰውየው ሰርጎ ይገባል። አሳጥሪው።» አሳጠርኩት፤ እንደገና አሳጥሪው አሉኝ። በመጨረሻ በትልልቅ ፊደል «ዱዓና ጸሎት ይግባ። መድኃኒት ደጅ ይቅር። ዘሐራ።» የሚል ቀረ። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያነበበልኝ የመጀመሪያው ጽሑፌ እሱ ነው። ሰዎች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲያነቡት በበሩ ስንጥቅ ቆሜ አየሁ። ይህን ሁሉ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ለመጻፍ የደፈርኩትም ከዚያ ወዲህ ነው።

በሩ ግን ሌላውን ከውጭ እንዳስቀረ እሳቸውን ከውስጥ አስቀራቸው። ክኒኑ መዳፋቸውንና ውስጥ እግራቸውን እያቀላ ይልጠው ጀመር። ጫማ ማድረግ አልቻሉም፤ ስለዚህ ገበያም መጋዘንም ቀረ። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ ያን ጊዜ የቆርቆሮው ቤት እንደ ምድጃ ነው። እሳቸው በእርጥብ ፎጣ እግራቸውን ጠቅልለው ግድግዳውን ተደግፈው የገበያውን ጫጫታ ያዳምጣሉ። «ሐሰን ዛሬ ዋጋ ሰቀለ» ይላሉ የነጋዴውን ድምፅ ብቻ ሰምተው። ቀጠሯቸው ደርሶ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ደግሞ ቦርሳቸውን አንግተው፣ ስልክ ይዘው፣ በሩ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ወደ ክኒኑ መሄድ አይችሉ፣ ከክኒኑ መውጣት አይፈልጉ።

አንድ ቀን ሐያት ከመጋዘን ማሾ በሰሃን አመጣችላቸው። እጃቸውን ቀስ ብለው አስገቡ፣ ወዲያው መልሰው አወጡት። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቆዩ።

«ምን አለዎት?» አልኳቸው፤ ሌላ የምለው ስለጠፋኝ።

«ዝም አለኝ» አሉ። «እንዲህ ዝም ብሎኝ አያውቅም።»

እማዬ ይህን አይታ ነው መቻል ያቃታት። እሷ የመንዝ ልጅ ናት፤ ለታመመ ሰው አጥሚት ካላፈላች የጠየቀች አይመስላትም። ምግብ አልተከለከለምና በየቀኑ ጠዋት አጥሚት ይዛ ትገባለች። እሱ ውስጥ የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ ከሽፈራው ዱቄት ጋር ትጨምርበት ጀመር። «መድኃኒት አትስጧቸው ተባለ እንጂ አጥሚታቸውን አታጣፍጡ አልተባለ» ብላ ራሷን አሳመነች። ከእኔም ደበቀችኝ። እትዬ ዘሐራ፣ አንዲት የአምና ፍሬ ከጆንያ የሚለዩት ሴት፣ አላወቁባትም፤ ምላሳቸው በክኒኑ ምክንያት ጣዕም መለየት ትቶ ነበር። «ቆርቆሮ ነው የምልሰው» ይሉ ነበር። በዚያ ላይ ከእማዬ እጅ ክፉ ይመጣል ብለው አልጠረጠሩም። ክፉም አልነበረም፤ ነገሩን የሚያከብደው ይኸው ነው።

ለቀጠሮ ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ዕለት ከሰዓት በኋላ የእማዬ ስልክ ጮኸ። እሷ እየሰፋች ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ መኪናው ላይ አስቀመጥኩላት።

«የሺዬ፣ እንደምን ዋልሽ? ደሜን መርምረው ጉበትዎ ተቆጥቷል አሉኝ።»

«ውይ እናቴ! ምን ነካዎት?»

«እነሱም እሱን ነው የሚጠይቁኝ። ‹ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?› እያሉ። የለም አልኩ። ከዚያ አጥሚቱ ትዝ አለኝ። ምን አለበት?»

«አጃ… አጃና ስንዴ ነዋ፣ ትንሽ ቅቤ…»

«የላዩን ነገርሽኝ።»

የመኪናው ፔዳል ቆመ። ከስልኩ የሆስፒታሉ ኮሪደር ጫጫታ ይሰማል፤ የሆነ ሰው ስም ይጠራል።

«የሺዬ፣ ተራዬ ደርሷል። ገብቼ ምን ልበላቸው?»

«ጥቁር አዝሙድ… ሽፈራውም አለበት» አለች እማዬ። «እኔ እኮ እንዲበረቱልኝ… እትዬ፣ አይንገሯቸው! ያስወጡዎታል! የለም ይበሉ፣ እኔ ከእንግዲህ አልጨምርም፣ ማንም አያውቅ!»

እኔም እንዳይናገሩ ፈለግሁ፤ እውነቴን ነው።

«እኔ አውቃለሁ» አሉና እትዬ ዘሐራ ስልኩን ዘጉት።

ገብተው ነገሯቸው። «ጎረቤት በፍቅር ያበላችኝ» ብለው ዓይነቱን ሁሉ ዘረዘሩ፤ ስም ግን አልጠሩም። ክኒኑ ወዲያው ተቋረጠ። ጉበታቸው እስኪረጋ ይጠብቁ፣ መልሰው ይግቡ አይግቡ ሐኪሞቹ ይወስናሉ ተባለ። ያለ ክኒን ወደ ሸዋሮቢት ተመለሱ። ያ የጥበቃ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነበር። ሳንባቸው ላይ ያለው ነገር እየሠራ፣ እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው የሰው ውሳኔ ሲጠብቁ። ማታ ማታ ሳላቸው ግድግዳውን አልፎ ይሰማናል፤ እማዬ በሳሉ ቁጥር ትገላበጣለች።

የተመለሱ ዕለት ከጨለመ በኋላ፣ ሰው ሳያይ፣ እማዬ ድንጋይ ተሸክማ ሄዳ ደጃቸው ላይ ተንበረከከች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ምድር ብትውጠኝ እመኝ ነበር። እትዬ ዘሐራ በፎጣ በተጠቀለለ እግራቸው እየተንፏቀቁ መጥተው አዩዋት።

«ድንጋዩን አውርጂው፤ ወገብሽን ይዞሽ ደግሞ ማን ይሰፋልኛል?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ በአምላክ!»

«ይቅር ብዬሻለሁ። አሁን ተነሺና ሥራ ልስጥሽ። የዚህ ሰፈር ሰው ምን ምን እንደሚደብቅ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ብታዩ! እማዬ ወንበሯን በሩ ሥር አድርጋ፣ የልብስ ቁልፍ እየተከለች፣ የጠያቂውን ዘንቢል ትፈትሽ ጀመር። ጋሽ እንድሪስን ኮታቸውን አስወልቃለች። የነፍስ አባታችንን ሳይቀር «አባ፣ ይቅር ይበሉኝና ጸበሉ ውስጥ ቅጠል ገብቶበታል?» ብላ ጠይቃቸው አንገቴን አስደፍታኛለች። ሰው ሁሉ «የሺ ምን ሆነች?» ይላል። እትዬ ዘሐራ ከውስጥ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው በሳል ይቋረጣል፣ ደግሞ ይቀጥላል።

ጉበታቸው ረጋ። መጠኑን ቀንሰው ክኒኑን አስጀመሯቸው። ለተወሰነ ጊዜ ዕጢው ባለበት ቆመ፤ መጋዘናቸው ድረስ በባጃጅ ሄደው ተቀምጠው የዋሉበት ቀንም ነበር። ከዚያ እንደገና ማደግ ጀመረ። ለእርስዎ ከእንግዲህ አይጠቅምም ተብለው ክኒኑን አቆሙ።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስጨንቃቸው። ያ የተቋረጠው ጊዜ፣ ያ የተቀላቀለው አጥሚት፣ የእሳቸውን ድርሻ አበላሽቶት ይሆን? ሲስተር ሰናይትን በስልክ ጠየቋት። ጥናቱ ሲያልቅ እንጂ አሁን አይታወቅም አለቻቸው። መልሷን ለእማዬ ሲነግሯት እኔም ነበርኩ።

«በሽታው ሥራውን ነው የሚሠራ፣ አልቀየመውም። ይኼ መዳፍ እንዲያው በከንቱ ተልጦ እንዳይሆን ነው እንጂ።» መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። «ውጤቱ ሲታወቅ፣ እኔ ባልኖርም፣ ለሰፈሬ ሰው መጥታ ንገሪልኝ ብያታለሁ። እሺ ብላኛለች።»

እትዬ ዘሐራ ውጤቱን ሳይሰሙ አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ሰዉ ሁሉ «ያ የሙከራ መድኃኒት ነው የጨረሳቸው» ሲል እማዬ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አጥሚት አፍልታ አታውቅም።

ሐሙስ ዕለት ሲስተር ሰናይት ያለቻትን እማዬ ደጋግማ ስለምታወራልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ደብቀውን ቢሆን ኖሮ ጉበታቸውን ያስቆጣው ክኒኑ ነው ብለን እንጽፍበት ነበር። በሰዓቱ ስለነገሩን ግን የቱ ከየት እንደመጣ ለይተን አብረን ቆጠርነው።» እማዬ ደግማ ደጋግማ ጠየቀቻት፦ «ታዲያ የእኔ አጥሚት አልገደላቸውም?» «እናቴ፣ የገደላቸው ካንሰሩ ነው። አጥሚቱ ጎድቷቸዋል፤ ገደላቸው ግን አልልም።» እማዬ ይህን መልስ ወደደችው። ሙሉ በሙሉ ነፃ ነሽ ብትላት ኖሮ አታምናትም ነበር።

ሲስተር ሰናይት ቃሏን ልትፈጽም በመጪው ቅዳሜ ትመጣለች። ከዐስር ሶላት በኋላ በእትዬ ዘሐራ መጋዘን ውስጥ ውጤቱን ለሰፈሩ ሰው ትነግራለች፤ ሐያት አጽድታ ጠብቃናለች። እዚያ እማዬም ትናገራለች። ማንም አላስገደዳትም። እትዬ ዘሐራ ስሟን ለማንም ሳይናገሩ ስለሞቱ እስከ ሐሙስ ድረስ ከእኛ ቤት ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ጻፊው» ያለችኝም እሷ ናት፤ «ሰው ቀድሞ ቢያውቅልኝ ይቀለኛል።» ሰሞኑን ዕቃ እያጠበች ትለማመዳለች። «ያበላኋቸው እኔ ነኝ» ብላ ትጀምርና ታቆማለች፤ ሳህኑን አለቅልቃ እንደገና ትጀምራለች።

ስለዚህ ኑ። ታማችሁ የደበቃችሁም፣ ታማሚ ቤት ያላችሁም፣ በፍቅር ብላችሁ አንድ ነገር የጨመራችሁም። ጋሽ እንድሪስም ይምጡ። የመጣ ሁሉ ወደ ፊት ተጠግቶ ይቀመጥልኝ፤ እማዬ ስትነሳ ብቻዋን የቆመች እንዳይመስላት።